ለተማሪዬ ቦት መሰልኳት

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬን እንዳለ አስቀምጬ የመጡትን መልሶች በራሴ አንደበት ልተርካቸው። 26 ናቸው፤ አንዳንዱ እንደ ስብከት ይረዝማል፣ ሁለቱን አወያዩ አንስቷቸዋል፣ ጥቂቱ ደግሞ ስለ ዓሣ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ደሴ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ከአምና ጀምሮ ኮርሱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው። 58 ተማሪ አለኝ፤ የሚበዙት ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ሐይቅ፣ ከሚሴ፣ ወገል ጤናና መካነ ሰላም ተበትነዋል፣ ሁለቱ ጅዳ ናቸው። ስላይድ ላይ ድምፄን ቀድቼ እለቃለሁ፣ የፒዲኤፍ ሞጁል አለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ግሩፑ ላይ ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ አላሳልፍም፤ ሌሊት 6 ሰዓትም ቢሆን እመልሳለሁ። በዚህም እኮራ ነበር፣ እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ።

ማክሰኞ የመታወቂያዬን ኮፒ ላስወጣ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንዲት ልጅ ሞጁል ታስጠርዛለች። ወረቀቱ ገና ከማሽኑ ወጥቶ ይሞቃል፤ ባለ ሱቁ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ቸብ ቸብ አድርጎ ሲያስተካክለው የሽፋኑን ርዕስ አነበብኩ። የእኔው ሞጁል ነው። ባለ ሱቁ መምህሩ ማን እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ ሳቀች። መምህር ያለው እንደማይመስላት፣ ቦት (በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችው፤ ቀንም ሌሊትም ወዲያው ይመልሳል፣ መልሱም ሁልጊዜ ሞጁሉን ገጽ ስንት ላይ ተመልከቱ ነው። እኔ አንድ ክንድ ርቄ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ስሜን ታውቃለች፣ መልኬን አይታ አታውቅም። ትንሽ ብናገር በድምፄ ትለየኝ ነበር። መታወቂያዬን ዝም ብዬ ዘረጋሁ፣ ዝም ብዬ ከፈልኩ፣ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ተማሪ ከስክሪኑ ወዲያ ሰው እንዳለ እንዲያውቅ ምን ታደርጋላችሁ? እርስ በርስስ እንዲተዋወቁ? ከ58ቱ አፍ የሚከፍቱት ስድስት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጥፋት የተማሪው ስንፍና ይመስለኛል።

ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ባልጽፋት ኖሮ ክሩ በአሥር መልስ ያልቅ ነበር።

1ኛውን መልስ የጻፉት በርቀት ትምህርት አስተባባሪነት ጸጉራቸውን ያሸበቱ አባት ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ ሦስት መስመር ይወስዳል። በወረቀት ሞጁል ዘመን እንኳ ተማሪው ለቲቶሪያል ሲመጣ የመምህሩን ፊት አይቶ ይመለስ እንደነበር አስታውሰው፣ እኔ ግን ፊቴን ደብቄ ድምፄን ብቻ ስላይድ ላይ መለጠፌን በትሕትና ነገሩኝ። ምክራቸው ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ እንድቀርጽ ነው። የትምህርት ማስረጃዬን እንዳልደረድር አስጠንቅቀዋል፤ የት ቁጭ ብዬ እንደማስተምር፣ ይህን ትምህርት ራሴ ስማር የቱ ቦታ ላይ እንደወደቅኩ ብናገር ይበቃል።

2ኛው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ተማሪ ነው። ጋሼን አክብሮ ነበር የተቃወማቸው። ፊት ማየቱን አይጠላም፣ ግን ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ እሱ ትምህርቱን የሚሰማው ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ለእሱ የሚጠቅመው አጭር የድምፅ መልእክት ነው፤ ያውም ስሙ የተጠራበት። ፎቶ አንድ ጊዜ ብለጥፍ ደግሞ በቂ ነው።

3ኛዋ የሐይቅ መምህርት ሁለቱንም አስታረቀቻቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ ተመርምሮ ተመልካች የሚጸናው ከስድስት ደቂቃ ላነሱት መሆኑ መታወቁን ጠቅሳ፣ የእኔን የ50 ደቂቃ ቅጂ ዘጠኝ ቦታ እንድቆራርጠው መከረች።

4ኛው መልስ እርማት ነው፤ ጨዋ እርማት። ጥናቱ ትክክል መሆኑን ተቀብሎ፣ የለካው ግን ሰው ቪዲዮውን ስንት ደቂቃ እንዳየ እንጂ ምን ያህል እንደተማረ አለመሆኑን አስገነዘበ። የኤድኤክስ ተማሪ በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ ይወጣል። የእኛ ተማሪ ግን ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጋርጦበታል፤ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ ስለዚህ የሁለት ሰዓት ቅጂም ቢሆን ጥርሱን ነክሶ ያያል። ጥርስ ነክሶ ማየትና ከመምህሩ ጋር መሆን ግን ለየቅል ናቸው ብሎ ዘጋ። ይህን ሰው ወደድኩት።

5ኛው ረጅሙ ነው። ጸሐፊው ለዶክትሬት የሚማር ሲሆን ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር የተባሉ የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ማዕቀፍ ዘረዘረ። ኦንላይን ትምህርት ውስጥ ሦስት ዓይነት መገኘት አለ፦ ተማሪው እንደ ሰው የሚታይበት ማኅበራዊ መገኘት፣ ሐሳብ የሚብላላበት የአእምሮ መገኘት፣ እና የማስተማር መገኘት። የመጨረሻው ራሱ ሦስት ሥራ አለው፤ ትምህርቱን አስቀድሞ ማቀድ፣ ውይይቱን ማሟሟቅ፣ በቀጥታ ማስረዳት። እንደ እሱ ፍርድ እኔ ከሦስቱ የመጨረሻዋን ብቻ ይዤ ሌት ተቀን እሮጣለሁ። ማስረዳት አበዛሁ፣ ማወያየት ግን የለም። አጻጻፉ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሸታል፤ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው የቀረው። ነገሩ ግን ገባኝ።

6ኛው አልገባውም፣ ወይም ሊገባው አልፈለገም። አልበርታ ላይ መብራት አይጠፋም፣ መቄት ላይ ግን ኔትወርክ ለማግኘት ተራራ ይወጣል፤ ካናዳን ትቶ ስለ አገሩ እንዲያወራ ለ5ኛው ነገረው። እኔንም አልማረኝም። ተማሪ ሰነፍ ነው የሚል መምህር ተማሪው ከየት ቦታ ሆኖ እንደሚገባ አንድ ቀን ጠይቆ ያውቃል ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። አልጠየቅኩም ነበር። 58ቱ የት እንዳሉ የማውቀው ከመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ነው።

7ኛዋ የክሩን መንገድ ቀየረችው። ወልድያ የምታስተምር ሴት ናት። 6ኛውን ሳትነካ፣ ማይክል ሙር የሚባለው የርቀት ትምህርት ሊቅ ርቀት ማለት ኪሎ ሜትር አይደለም ማለቱን አስታወሰች፤ በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት ነው፤ ትምህርቱ ድርቅ ያለ ሥርዓት ሲበዛበትና ንግግር ሲያንሰው ክፍተቱ ይሰፋል። በዚህ ስሌት ፒያሳ ከፊቴ የቆመችው ልጅ ጅዳ ካሉት ይልቅ ትርቃለች። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጣለችብኝ። ግሩፑ ውስጥ ካሉት የመጨረሻዎቹ 40 ጥያቄዎች ስንቱን የመለስኩት እኔ ነኝ? ስንቱን ተማሪ?

8ኛው የእኔ መልስ ነው፤ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። በፍጥነት መመለስ ጥፋት ከሆነ ምን ልሁን፣ ብዘገይ ደግሞ ጠፋ ትሉኛላችሁ ብዬ ተበሳጨሁ። ማታ ግን ግሩፑን ወደ ላይ እየሳብኩ ቆጠርኩ። ከ40ው 37ቱ የእኔ፣ ሦስቱ የተማሪ። ከሦስቱ አንዱ የተመለሰው ስልኬ ቻርጅ የጨረሰ ቀን ነው። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ምሽት የወገል ጤናው ልጅ ስለ ሚዲያን (የመካከለኛው ቁጥር ስሌት) ጠይቆ፣ ወዲያው ከላይ የአንዲት ተማሪ ስም ብቅ ብሎ እየጻፈች መሆኗን ያሳይ ነበር። ሦስቱ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ሲሉ አይቻለሁ። እኔ ገጽ 34 ብዬ ላክሁ። ነጥቦቹ ቆሙ፤ ልጅቷም ከዚያ በኋላ ጽፋ አታውቅም።

9ኛው ወሎዬ ነው፤ እንዴት ቡና ሳይጠራ ይቀራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የኦንላይን ኮርስን በሦስት ስኒ ከፈለው፤ አቦሉ መተዋወቂያ፣ ቶናው ትምህርት፣ በረካው ምርቃት። 10ኛው ምሳሌ ሁሉ ቡና፣ ወግ ሁሉ ቡና መሆኑ ሰልችቶት፣ ዙም ላይ ዕጣን ሊያጨስ ነው ወይ ብሎ ቀለደበት። ለእኔ ግን 9ኛው አንድ ያልታየለት ነገር ተናግሯል፤ ቡና ላይ ጎረቤት የሚጠራው ስኒው ከመቀዳቱ በፊት ነው፣ ዘግይቶ ለመጣም በረካ ይቆየዋል። 11ኛው ይህን ሁሉ ዘሎ የሐይቋን መምህርት ቆሮሶ ዓሣ በዚህ ሰሞን ስንት እንደገባ ጠየቃት። መለሰችለትም፤ እዚያው መልስ ውስጥ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ነገር ተነሥቶ አወያዩ ወደ ጉዳዩ መለሰን።

12ኛው ዋድላ ያደገ፣ አያቱ የቅኔ መምህር የነበሩ ሰው ነው። ስለ ኦንላይን ምንም አያውቅም፤ ራሱም አልደበቀም። የኔታ ብዙ ተማሪ ይዘው እያንዳንዱን ቅኔ ራሳቸው እንደማይሰሙ ግን ያውቃል። ተማሪው ቀን ለብቻው ቅኔ ቆጠራ ይወጣል፣ በየዛፉና በየድንጋዩ ጥግ ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። ሲመለስ የጀማሪውን የሚሰማው አስነጋሪው ነው፤ ከእሱ ቀደም ብሎ የገባ ተማሪ። የተሰበረ ቤት፣ የጎደለ ሐረግ እዚያ ይቃናል፣ የኔታ ዘንድ የሚደርሰው የተቃናው ነው። ልጁ ግን የኔታን አላጣቸውም። ማታ ጉባኤው መካከል ቅኔ ሲዘርፉ ይሰማቸዋል፤ ሲያጠፋም ስሙን ጠርተው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። በጸሐፊው አስተያየት እኔ የኔታም አስነጋሪም ካልሆንኩ ብዬ ሁለቱንም አበላሽቻለሁ። ከክሩ ሁሉ ይህን መልስ ነው ደጋግሜ ያነበብኩት።

13ኛው አብሽር ብሎ ጀምሮ ወንድሙን ደገፈው። በደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ቤትም ያው ነው፤ የጁ ውስጥ ዳናን በመሰሉ ቦታዎች ሸኹ ያቀሩትን ኪታብ ማታ ትልቁ ደረሳ ለትንሹ ይደግምለታል። ትልቁ የሚጸናው በመድገሙ ነው። አንድ ነገር ግን ጨመረ፤ ያ ሁሉ የሚሠራው አብረው ስለሚበሉና አንድ ሐሪማ (የሸኹ ግቢ) ውስጥ ስለሚያድሩ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ማን ለማን እንጀራ ይቆርሳል? ለዚህ ጥያቄ ማንም ቀጥተኛ መልስ አልሰጠውም።

14ኛዋ ጅዳ ናት፤ የእኔ ተማሪ አይደለችም፣ ሌላ ቦታ የተማረች። ሰው ቤት ትሠራለች። ሰዓታችን አንድ በመሆኑ እኛ ስንተኛ እሷ ሥራ ትጨርሳለች፤ ኩሽናው ወለል ላይ ስልኳን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፋ ነው ሁለት ዓመት የተማረችው። ድምፅ እንዳይሰማ አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ማዳመጫ ታደርጋለች፣ ሌላው ጆሮዋ የእመቤቲቱን ደወል ይጠብቃል። በቀጥታ ስርጭት አንድም ቀን አልገባችም። በየኮርሱ ንቁ ተሳትፎ ለሚባለው የሚሰጠው አሥር ነጥብ ሁልጊዜ ዜሮ ነበር፤ ለመምህራኑ ዝምተኛ፣ ምናልባትም ሰነፍ ነች። (ይህችን ስትጽፍ እኔን እያየች ነው።) አንድ መምህር ግን ሁለት ሳምንት አሳይመንት ሳታስገባ ስትቀር የ20 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ላከላት። ስሟን ጠራ፣ ጤንነቷን ጠየቀ፣ ከፈለገች እስከ እሑድ እንደሚጠብቃት ነገራት። ከኋላው የሕፃን ልቅሶ ይሰማ ነበር። መልእክቱን እስካሁን አላጠፋችውም። ከዚያ ኮርስ ውስጥ ስለ ትምህርቱ የምታስታውሰው ጥቂት ቢሆንም እንዳታቋርጥ ያደረጋት ያ የሕፃን ልቅሶ መሆኑን ጽፋ ወጣች። ከእሷ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ክሩ ላይ የጻፈ ሰው አልነበረም።

15ኛው ሲመጣ ደግሞ ሥጋችንን በላው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ማኅበረሰብ፣ መተጋገዝ ምናምን የሚባለው ለእሱ የግሩፕ አሳይመንት ማለት ነው፤ አንዱ ሌሊቱን ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ፣ ማርኩ እኩል ነው። 12ኛውና 13ኛው የጠቀሷቸው ተማሪዎች አጠገብ ላጠገብ ስለሚኖሩ ሰነፉ ይታወቃል፣ ያፍራል። ኦንላይን ማን ያፍራል? ዳታ አለቀብኝ ያለ ሁሉ ነጻ ነው። ንዴቱ እውነት ነበር።

16ኛው የመለሰው በንዴት ሳይሆን በሥራ ነው፤ ኮምቦልቻ የሚያስተምር ሰው ይመስለኛል። ጥፋቱ ለአምስት ሰው አንድ ጥያቄ መስጠቱ ላይ ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ለአምስት ከተሰጠ አንድ ሰው ይሠራዋል። እኔ ስታትስቲክስ የማስተምር ከሆነ እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ የአካባቢውን የጤፍ ዋጋ እንዲያመጣ ላድርግ፤ የኮምቦልቻው ከከተማው ገበያ፣ የደሴው ከሰኞ ገበያ፣ የወገል ጤናው ከራሱ፣ ጅዳ ያሉት እዚያ የሐበሻ ሱቅ ከሚሸጠው። አማካዩና ልዩነቱ የሚሰላው የአምስቱም ቁጥር ሲሰበሰብ ነው፤ አንዱ ከቀረ ስሌቱ ይጎድላል። ሰነፉን መምህሩ ሳይሆን ጓደኛው ይደውልለታል። ከዚያ ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ዋጋው ለምን እንደተለያየ መከራከራቸው አይቀርም። ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት።

17ኛው ወደ 5ኛው ተመልሶ ከሦስቱ ምሁራን አንዱ የሆነው አንደርሰን በ2003 እ.ኤ.አ. የጻፈውን አመጣ፤ ተማሪ ከመምህሩ፣ ከጓደኛው ወይም ከትምህርቱ ይዘት ጋር ካለው ግንኙነት አንዱ ከጠነከረ ሌሎቹ ቢሳሱ ጥልቅ ትምህርት ይገኛል። ጸሐፊው ራሱ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ጓደኛ አያምረውም፣ ጥሩ ሞጁል ይበቃዋል፤ በግድ ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ የምትወዱትን ምግብ ጻፉ ሲሉት ያንገሸግሸዋል። ፈገግ አሰኘኝ፤ ባለፈው ሴሚስተር የምትወዱትን ምግብ ጻፉ ብዬ ነበር። ስድስት ሰው መለሰ፤ ሁሉም ሽሮ።

18ኛዋ የጻፈችው ስለ ሌላ ነገር ነው፣ ከሁሉም ይልቅ ከባዱ። አንድ ተቋም ውስጥ መምህሩ ተማሪዎች እንዲተዋወቁ ብሎ የሁሉንም ስምና ስልክ በኤክሴል ሠርቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። የዚያኑ ሌሊት ከማታውቃቸው ሦስት ወንዶች ተደወለላት። በማግሥቱ ፎቶዋ ተወስዶ ሌላ ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። መምህሩ ስትነግረው ብሎክ እንድታደርጋቸው መከራት፤ እሷ ግሩፑን ለቀቀች፣ ኮርሱንም ደገመች። ከ58ቱ 52ቱ ዝም አሉ ብዬ ከማማረሬ በፊት ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ እንድቆጥር ጠየቀችኝ። 19ኛው ነገሩን አቃለለው፤ ምን እንዳለ አልደግመውም፣ ተነሥቷል። 20ኛዋ የሐይቋ መምህርት ናት፤ ያቺ አስታራቂ ሴት እንዲህ መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር። 19ኛው ያለውን ብትንትን አድርጋ፣ ሴት ልጅ ደህንነቷ ያልተጠበቀበት ቦታ ማኅበረሰብ ሳይሆን ገበያ መሆኑን ነገረችን፣ ከዚያም ሥራ አመጣች፤ ስልክ ቁጥር የሚደብቀውን የቴሌግራም ማስተካከያ በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም ማሳየት፣ ሴቶች ከፈለጉ የራሳቸውን ቡድን እንዲመርጡ መፍቀድ፣ ጥፋት ሲደርስ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ በስም ማሳወቅ። 21ኛው 19ኛውን ሊያግዝ መጥቶ አብሮት ተነሣ። እኔም ቆጠርኩ። ዝም ካሉት 52 ውስጥ 31ዱ ሴቶች ናቸው።

22ኛው መልስ ስለ እኛ ስለ መምህራን ነው። ኦንላይን ኮርስ የሚከፈለው እንደ ማንኛውም ኮርስ በክሬዲት ሰዓት ነው፣ ሌሊት 6 ሰዓት የሚመለስ ጥያቄ በማንም ደመወዝ ውስጥ የለም። ጸሐፊው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ይገኛል፣ ያንን አያጓድልም። የነጻው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ራሱ መዘጋቱን ሰው ያማርራል፣ እሱ ግን ይመርቀዋል። ሰዓቱ የታወቀ መምህር ይጠበቃል፤ ሁልጊዜ ያለ መምህር እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

23ኛው በመጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የነበረውን አነጻጸረ። በመጀመሪያው ቴሌግራም ነበረን፤ በሁለተኛው እሱም የለም። በዚያን ጊዜ ያልተበተነው ቡድን ስልክ ቁጥር በወረቀት የያዘውና የሚደዋወለው ነበር፤ አንዷ ከኩታበር ፍላሽ ይዛ ደሴ ወርዳ ለአራት ሰው ትምህርት ጭና ትመለስ ነበር። ይህን ከ18ኛዋ ጋር እንዴት እንደማስታርቀው እስካሁን እያሰብኩ ነው፤ ያዳነውም የጎዳውም ያው የስልክ ዝርዝር ነው።

24ኛው ስለ ዓሣ ነው።

25ኛው ስሙን አልጻፈም፤ ስለ ማሽኑ ቀለም ሲያወራ ግን ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ታሪኩን አንብቦ ራሱን አውቋል፤ ያን ዕለት ከልጅቷ ኋላ መታወቂያ ይዞ ፊቱ የቀላውን ሰውዬም አስታውሷል። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገረን። የእኔን ሞጁል የሚያስጠርዝ ተማሪ ጠርዞ አይሄድም። በሩ አጠገብ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ እዚያ ቁጭ ብለው እርስ በርስ ያስረዳዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታ ይጠባል። እኔ የሌለሁበት ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። 51 ናቸው፤ ጅዳ ያሉት ሁለቱም አሉበት። ጥያቄ እዚያ ይጠየቃል፣ እዚያ ይመለሳል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው መጀመሪያ እዚያ ተሞክሮ ያልተፈታው ነው። ግሩፑን የከፈተችው ደግሞ ያቺው ቦት ነው ያለችው ልጅ ናት። ይህን መናገሩ ደግ እንዳልሆነ ቢያውቅም ተማሪ ሰነፍ ነው የሚለው አናዶታል።

26ኛው የዶክትሬቱ ሰው ነው፤ ለምርምሩ የባለ ሱቁን አድራሻ ይፈልጋል። ባለ ሱቁ አልመለሰለትም። በግል ደግሞ አንድ ባልደረባዬ በሌላ ስም ግሩፑ ውስጥ እንድገባ መከረኝ። እምቢ አልኩ፤ ሰው ቤት በመስኮት አይገባም።

ቅዳሜ ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ፊቴን የሚያሳየውን ቪዲዮ ገና አለቀቅኩም ነበር። ባለ ሱቁ አየኝ፣ አጎንብሶ ስቴፕለሩን መፈለግ ጀመረ። አግዳሚው ላይ አራት ልጆች ተጠጋግተው፣ አምስተኛው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል። አንዱ ጉልበቱ ላይ በዘረጋው ደብተር ቫሪያንስ (የቁጥሮችን መራራቅ የሚለካ ስሌት) ያስረዳል። ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ ጥሩ ያስረዳል፣ ግን ተሳስቷል፤ ጥያቄው የናሙና ሆኖ ሳለ በናሙናው ብዛት እንዳለ ያካፍላል፤ ከብዛቱ አንድ መቀነስ ነበረበት። ገጽ 61 ላይ አለ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ሁለት ገጽ ኮፒ አስወጣሁ። መልሴን ተቀብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። እንደገና ከአሥር ጀመርኩ። ጫፉ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን ወደ ደብተሩ ሰገግ አድርጋ ትንሽ ቆየችና እጇን ለካልኩሌተሩ ዘረጋች።